የጎታቾች መንገድ፦ የሎት ሸለቆ መንደሮችና የወንዝ ዳር ዱካዎች ታሪክ



አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቡዚዬስ ከምትባል ትንሽ መንደር ተነሥቶ የሎትን ወንዝ እየተከተለ ሽቅብ ወደ ሳን ሲር ላፖፒ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። ከቡዚዬስ ብዙም ሳይርቅ ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ስለሚገባ እግር የሚያርፍበት መሬት ያልቃል። መንገዱ ግን አይቋረጥም። የኖራ ድንጋዩ ተፈልፍሎ ግማሽ ዋሻ በመሰለ ጎድጓዳ ውስጥ ይቀጥላል፤ በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው በኩል አለቱ፣ ከራስ በላይም ያው አለት። የዛሬ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ቆም ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። በግድግዳው ላይ የተቀረጹ ዓሦችና ዛጎሎች ስለሚያይም የጥንት ሥራ ይመስለዋል። ቅርጾቹ ግን ዳንኤል ሞኒዬ የተባለ የዘመናችን ቀራፂ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያበጃቸው ናቸው። መንገዱ ራሱም የመካከለኛው ዘመን ቅርስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተፈለፈለ የሥራ ቦታ ነው።

«የሥራ ቦታ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ይህ ዱካ የተሠራው ለሽርሽር አልነበረም። ሸክም የያዘ ጀልባ ከፈሳሹ ተቃራኒ ወደ ላይ የሚሄደው አንድ ኃይል ከዳር ሆኖ በገመድ ሲጎትተው ብቻ ነበር። ያ ኃይል የሰው ትከሻ ወይም የከብት ጫንቃ ነው። ገደሉ መርገጫ ሲነሣው ገመዱ ይላላል፣ ጀልባውም ይቆማል። ስለዚህ አለቱ ተፈለፈለ። ዛሬ ውበቱን የምናደንቅለት ጎድጓዳ የአንድ ገመድ መወጠር ያስገደደው ነገር መሆኑን ካላሰብን ያየነው ድንጋዩን ብቻ ነው።

ወንዙን ጥቂት ላስተዋውቃችሁ። ሎት ከሎዜር ተራሮች ተነሥቶ ወደ 485 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከተጓዘ በኋላ ጋሮንን ይቀላቀላል፤ ጋሮንም ወደ ቦርዶ ይወርዳል። እንግዲህ ባሕር አይተው የማያውቁ የሸለቆው ገበሬዎች ከውቅያኖስ ንግድ ጋር የተሳሰሩት በዚህ ውሃ ነው። ቁልቁል የሚወርደው የካኦር ጥቁር ወይን፣ ለበርሜል የሚሆን ጣውላ፣ የአውቨርኝ አይብ፣ በኋላም የዴካዝቪል ድንጋይ ከሰል ነበር። ሽቅብ የሚወጣው ጨውና ቅመማ ቅመም፣ እንዲሁም የደረቀ ኮድ ዓሣ ነው።

በዓሣው ላይ ትንሽ ልቆይ። ከባሕር በጣም በራቀው በዴካዝቪል አካባቢ እስከ ዛሬ ድረስ ኤስቶፊናዶ የተባለ ምግብ ይበላል። የሚሠራው ከሩቅ ሰሜን ከመጣ የደረቀ ዓሣ፣ ከድንችና ከእንቁላል ነው። ጀልበኞቹ እንደ እንጨት የጠጠረውን ዓሣ ለማለስለስ በገመድ አሥረው ከጀልባው ኋላ በውሃው ውስጥ እየጎተቱ ያመጡት እንደነበር ይነገራል። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን አልከራከርም። የምግቡ እዚያ መገኘት ግን አንድም ወረቀት ሳይገለጥ የንግድ መስመሩን ያስረዳል። ተማሪዎቼን መዝገብ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ገበያ ግቡ፣ ምን እንደሚበላ ጠይቁ የምላቸው ስለዚህ ነው።

ይህ ንግድ እኩልነት የነበረበት አልነበረም። ቦርዶ ከእንግሊዝ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የያዘችው ልዩ መብት ነበራት፤ ከላይኛው አገር የሚወርደው ወይን የከተማይቱ ባለ ወይኖች የራሳቸውን እስኪሸጡ ድረስ እንዲጠብቅ ይገደድ ነበር። የካኦር ገበሬ ወይኑን በመከር ወር ጠምቆ ገበያ የሚያገኘው መርከቦቹ ጭነው ከሄዱ በኋላ ነው። ይህን መብት የሻረው የንጉሡ የገንዘብ ሚኒስትር ቱርጎ በ1776 ያወጣው አዋጅ ነው፤ አብዮቱ ሊፈነዳ 13 ዓመት ሲቀረው መሆኑ ነው። ወንዝ አገናኝ ነው ሲባል እሰማለሁ። ወንዝ የሚያገናኘው ግን አፉ ላይ የተቀመጠው ሰው በፈቀደው መጠን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ የዛሬ ንግግሬ እምብርት እርሱ ነውና። በ1669 የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር የውሃና የደን ድንጋጌ የሚባለውን ሰፊ ሕግ አስወጣ። ኮልቤር የፈለገው ለባሕር ኃይሉ መርከብ የሚሆን ዛፍ፣ ለመንግሥቱም የሚያልፍ ጀልባ ነበር። ከድንጋጌው አንቀጾች አንዱ ጀልባ በሚሄድባቸው ወንዞች ዳር መሬት ያለው ሰው ሁሉ በመጎተቻው በኩል 24 ጫማ፣ በማዶው ደግሞ 10 ጫማ ክፍት መተው አለበት ይላል። አጥር አይታጠርበትም፣ ዛፍም አይተከልበትም። መሬቱ የባለቤቱ ነው፤ መተላለፊያው ግን የሁሉ ነው።

የዛሬውን የፈረንሳይ ሕግ ብትመለከቱ ለመጎተቻ መንገድ 7.80 ሜትር፣ ለማዶው ዳር 3.25 ሜትር የሚሉ እንግዳ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ማንም ሕግ አርቃቂ ከባዶ ተነሥቶ 7.80 አይልም። የንጉሡን ጫማ በሜትር ብታባዙት ግን 24 ጫማ ልክ 7.80 ሜትር፣ 10 ጫማም 3.25 ሜትር ይመጣላችኋል። ንጉሡ ሄደ፣ ጫማውም ተሻረ፤ ስፋቱ ግን ቀረ።

ወደ ሸለቆው እንመለስ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሎት ላይ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የውሃ በሮችና ግድቦች በብዛት ተሠሩ። ዴካዝቪል ራሷ በ1826 የተመሠረተው የዱክ ዴካዝ የብረትና የከሰል ኩባንያ ከተማ ስትሆን፣ ከሰሏ የሚወርድበት መውጫ ያስፈልጋት ነበር። የቡዚዬሱ አለት የተፈለፈለውም በዚሁ የተስፋ ዘመን ነው። ዘመኑ ግን አልቆየም። በ1886 ከካፕዴናክ ወደ ካኦር የባቡር ሐዲድ በዚያው ሸለቆ ተዘረጋ። ለዚያ ሁሉ የድንጋይ ሥራ የወጣው ገንዘብ አንድ ትውልድ ሙሉ እንኳ አላገለገለም ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ሁለተኛ መዓት ደረሰ። ፊሎክሴራ የተባለችው የወይን ሥር የምትመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የካኦርን ወይን አጠፋች። የሳን ሲር ላፖፒ እንጨት ጠራቢዎች የሚታወቁት ለወይን በርሜል በሚሠሩት የእንጨት ቧንቧ ነበር። ወይኑ ሲጠፋ በርሜሉ፣ በርሜሉ ሲጠፋ ቧንቧው ጠፋ። የሎት ክፍለ ሀገር ሕዝብ በ1851 ወደ 296,000 ይጠጋ ነበር፤ ዛሬ 174,000 ገደማ ነው። በመካከሉ ከዚህም ያነሰበት ጊዜ ነበር። ወጣቱ ወደ ፓሪስና ወደ ቱሉዝ ሄደ፤ ከሄዱት ብዙዎቹ ደግሞ በ1914 ወደ ጦር ሜዳ ሄደው በየመንደሩ የመታሰቢያ ሐውልት ላይ ስማቸው ብቻ ተመለሰ። በ1926 ሎት ከመጓጓዣ ወንዞች መዝገብ ተሰረዘ።

እንግዲህ «ጊዜ የቆመበት መንደር» የሚለውን የጉብኝት መጽሔቶች አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ሳን ሲር ላፖፒ ከወንዙ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በገደል ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቤቶቿ የ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው፤ ያማሩም ናቸው። እንዳሉ የቀሩት ግን ጊዜ ስለቆመ አይደለም። ጊዜ በላያቸው አልፎ ሄዶ፣ አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ ያለው ሰው ስለታጣ ነው። ሀብታም መንደር ጣሪያውን ይቀይራል፣ መስኮቱንም ያሰፋል። የድሀ መንደር ግድግዳ ይቆያል። ዛሬ ውበት ብለን የምንጠራው ነገር በከፊል የድህነት ቅሪት ነው፤ ይህን መናገር ውበቱን መካድ አይመስለኝም።

ከዚያም ሌላ ዓይን መጣ። በ1950 በካኦር የዓለም ዜግነት ንቅናቄ ድንበር የለሽ ያለውን መንገድ ሲመርቅ ከታዳሚዎቹ አንዱ ሱሪያሊስት ተብሎ የሚታወቀው ገጣሚ አንድሬ ብሬቶን ነበር። በዚያ ጉዞ ሳን ሲር ላፖፒን በሌሊት ችቦ ብርሃን አያት፤ በዓመቱም ቤት ገዛባት። የገዛው ቤት ቀድሞ የጀልበኞች ማደሪያ ይባል የነበረው ነው። ገመድ ሲጎትቱ የዋሉ ሰዎች ሾርባ ጠጥተው ያደሩበት ቤት የፓሪስ ባለቅኔዎች የበጋ መሰብሰቢያ ሆነ። ብሬቶን እስከ 1966፣ እስከ ሕልፈቱ ዓመት ድረስ በየበጋው ይመጣ ነበር።

ስለ ብሬቶን ሳነሣ የሴሌ ወንዝ ሸለቆውን ታሪክ ሳልጠቅስ ባልፍ ተማሪዎቼ ይቀየሙኛል። ሴሌ ቡዚዬስ አጠገብ ሎትን የሚቀላቀል ገባር ነው፤ በዳሩም ካብሬሬ በተባለው መንደር የፔሽ ሜርል ዋሻ ይገኛል። በ1922 ሁለት ልጆች የገቡበት ይህ ዋሻ ከ25,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ነጠብጣብ ፈረሶች የተሳሉበት ነው። በ1952 ብሬቶን ከጎብኚዎች ጋር ገብቶ፣ ሥዕሉ የእውነት ጥንታዊ መሆኑን ተጠራጥሮ በጣቱ አሸው። ከአስጎብኚው ጋር ተጣላ፣ ተከሰሰ፣ ተቀጣም። ሰውዬው የጠየቀው ጥያቄ ግን የእኛም የታሪክ ባለሙያዎች ጥያቄ ነው፤ ስሕተቱ በእጁ መጠየቁ ላይ ነበር።

መንደሮችን እንደ ቅርስ የማየት ልማድ ከብሬቶን በፊት ተጀምሯል። ፕሮስፔር ሜሪሜ የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ በ1837 ከሎት ሸለቆ ብዙም ወደማትርቀው ወደ ኮንክ ሲደርስ፣ ሰው የረሳትን ታላቅ ቤተ ክርስቲያንና በአብዮቱ ዘመን የመንደሩ ሰዎች በየቤታቸው ደብቀው ያተረፉትን የወርቅ ንዋየ ቅድሳት አገኘ። ቅርሱን መጀመሪያ ያዳኑት ገበሬዎቹ እንጂ ተቆጣጣሪው እንዳልሆነ ልብ በሉ። በ1982 ደግሞ «እጅግ የተዋቡ የፈረንሳይ መንደሮች» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ፤ ሳን ሲር ላፖፒም አባል ናት። ነዋሪዋ ዛሬ 200 ገደማ ሲሆን ጎብኚዋ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በበጋ ቀን በጠባብ መንገዷ የሚያልፈው ሰው ብዛት ጀልበኞቹ በደጉ ዘመን እንኳ ያዩት አይመስለኝም። በክረምት ግን አብዛኛው መስኮት ዝግ ነው።

መንገዱስ? ፈረንሳዊ ሠራተኛ በ1936 ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ሲያገኝ፣ መራመድ ለመጀመሪያ ጊዜ የብዙኃን መዝናኛ የመሆን ዕድል አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የረጅም የእግር ጉዞ ዱካዎች ኮሚቴ ተመሠረተ። በነጭና በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት የመጀመሪያው ዱካ የተመረቀው በዚያው ዓመት በኦርሌያንና በቦዣንሲ መካከል፣ በሎዋር ወንዝ ዳር ነው። የመጀመሪያው ዱካ ወንዝን መከተሉ ድንገተኛ አይመስለኝም። ወንዝ ዳር ለጉተታ ተብሎ የተጠረገ፣ ዳገት የሌለውና በሕግ የተጠበቀ መንገድ አስቀድሞ ነበርና።

የኮልቤር አንቀጽ እዚህ ላይ እንደገና ሥራ ያገኛል። ጀልባው ሲቀር የመተላለፊያው መብት ለማን ነው? የመሬቱ ባለቤት «ጎታች የለም፤ ስለዚህ ግዴታዬ አብቅቷል» ቢል ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ለረጅም ጊዜ 3.25 ሜትሩን እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው የወንዙ ሠራተኞችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በ2006 የወጣው የውሃ ሕግ ግን እግረኛን በግልጽ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በየቦታው ክርክር አለ፤ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ በአነሲ ሐይቅ ዳር በውድ ቤቶች ባለቤቶችና በእግረኞች ማኅበር መካከል ያለው ሙግት ከሁሉ የታወቀው ነው። በአንድ በኩል የአትክልት ቦታውን ያጠረ ሰው፣ በሌላው በኩል በ1669 ለፈረስ የተጻፈ አንቀጽ የወረሰ መንገደኛ ይቆማሉ።

የሎት አንዱ ክፍል ከ1990 ገደማ ጀምሮ ለመዝናኛ ጀልባዎች ተከፍቷል፤ የውሃ በሮቹ ተጠግነዋል። ጀልባዎቹ ሞተር ስላላቸው የሚጎትታቸው አያሻም። ከአለቱ ጎድጓዳ ውስጥ ቆሞ የሚያይ ሰው ጀልባው ሽቅብ ሲያልፍ ያየዋል፤ በጀልባው ላይ ያሉትም እርሱን ያዩታል፤ ሁለቱም በዕረፍት ላይ ናቸው።

ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተወዋለሁ።