ዋዛ፣ ሬዲዮና ካሴት፦ የአሶሳ አማተር ሙዚቀኞች ከማን ተማሩ?

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ሲተረክ መነሻው ዘወትር አዲስ አበባ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመኖች፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ቀጥሎም የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍልና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በተራ ይወሳሉ። ትረካው ትክክል ቢሆንም አገሪቱን ከመሐል ሆኖ የሚያይ ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና 670 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጠረፏ ከተማ ከኩርሙክ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የመምህራኑ ዝርዝር ይለወጣል።

የመጀመሪያው መምህር ስም የለውም፤ የቡድን እንጂ የግለሰብ ጥበብ አይደለምና። በአማርኛ «ዋዛ» ሲባል ቀልድና ጨዋታ ነው፤ በበርታዎች ዘንድ ግን ዋዛ ከቁም ነገር ሁሉ የከበደ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ተቆራርጠው እርስ በርስ ከተቀጣጠሉ ቅሎች የሚሠራ ጡሩምባ ሲሆን ረዥሙ የሰው ቁመት ያህላል። አንድ ቡድን 10 ወይም ከዚያ በላይ ጡሩምባዎች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ጡሩምባ የሚሰጠው በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህም ዜማው በማናቸውም ነፊ እጅ የለም። ነፊዎቹ ትከሻቸው ላይ ያሳረፉትን ቀንድ በዱላ እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዱም ተራው ሲደርስ ብቻ ይነፋል። የሞተር ሲሊንደሮች በተመደበላቸው ተራ እየተለኮሱ ዘንጉን አንድ ወጥ አድርገው እንደሚያዞሩት ሁሉ ዜማውም የሚወለደው ከተራው ነው። ዘዴው ለቀረው ኢትዮጵያዊ ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ ሦስት ሆኖ የሚነፋው እምቢልታና የደራሼዎች ፊላ በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። የዋዛ ብዛትና የድምፁ ውፍረት ግን የብቻው ነው። ከመከር ወራት ጋር የተቆራኘ በመሆኑም ልጆች የሚማሩት በጭፈራው መካከል ሆነው ነው።

ሁለተኛው መምህር የመጣው በአየር ነው። የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት ቀን ቀን በታችኛው የአዮኖስፌር ንብርብር ስለሚዋጥ ሩቅ አይደርስም። ሲመሽ ያ ንብርብር ይከስምና ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ተንጸባርቆ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1940 የተመሠረተው የኦምዱርማን ሬዲዮ ምሽት ምሽት ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ዐረብኛ ከበርታ ቋንቋ ጎን በሰፊው በሚነገርበት አገር የዘፈኑን ቃል ለማስተርጎም የተቸገረ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን የሱዳን ከተሜ ዘፈን በአምስት ድምፅ ቅኝት የተመሠረተ በመሆኑ ከካይሮው ይልቅ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1957 በዚሁ ጣቢያ መዝፈን የጀመረው መሐመድ ዋርዲ ኡድ ከመያዙ በፊት የኑቢያን ጠምቡር ይጫወት ነበር፤ ጠምቡር ደግሞ የክራር ወንድም ነው። በርታዎችም የራሳቸው የክራር ዓይነት አላቸው። ስለሆነም አንድ ወጣት የዋርዲን ወይም የሰይድ ኸሊፋን ዜማ ከሬዲዮ ሰምቶ ሲነጋ በገዛ አውታሩ ሊሞክረው ይችል ነበር። በእነዚህ ሁለት ዘፋኞች ፍቅር አዲስ አበባም ቢሆን ከአሶሳ የማያንስ መሆኑን በመንገድ መጥቀስ ይገባል።

የመሐል አገሩ ድምፅ በስፋት የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ሲቋቋም፣ ያኔ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው አሶሳ ከዚሁ ሥርዓት ውጭ አልሆነችም። የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የምሽት ክበቦች ቢያዳክምም ካሴት የሸክላን ቦታ ወስዶ ሙዚቃውን ወደ ጠረፍ አወጣው። ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ የተሰለፉበት፣ ቀድሞ አይቤክስ ኋላም ሮሃ የተባለው ባንድ በዘመኑ እጅግ ብዙ ካሴቶችን ያጀበ በመሆኑ፣ አማተሩ የዘፋኙን ስም እየጠራ ሳያውቀው የሚያጠናው የሮሃን አጃቢነት ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ደግሞ ከወሎ ወደ አሶሳ በሠፈራ ከመጡት ገበሬዎች ጋር የመሲንቆውና የአምባሰል ዜማ አብሮ መጣ። ሠፈራው የፈጸመው በደል ብዙ ነው፤ የሙዚቃው ታሪክ ግን ያለ እርሱ አይሟላም።

ከእነዚህ መምህራን መካከል አማተሮችን ይበልጥ የቀረጹት ኋለኞቹ ናቸው። ምክንያቱ የዋዛ ጥበብ ማነሱ አይደለም። የዋርዲን ኡድ ወይም የሮሃን ጊታር አንድ ልጅ ብቻውን፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ካሴቱን እየመለሰ ሊቀዳው ይችላል። ዋዛን ብቻውን ሊለማመድ የሚችል ሰው የለም፤ አንዱን ጡሩምባ ይዞ ቤቱ ቢገባ የሚያገኘው አንድ ድምፅና ረዥም ዝምታ ነው። ኋላ የተስፋፋው ኪቦርድ ደግሞ ችግሩን አባባሰው እንጂ አላቃለለውም። ኪቦርድ ስምንዮሹን በ12 እኩል ርቀት ይከፍላል፤ የዋዛ ድምፅ ግን ሠሪው ቅሉን በቆረጠበት ርዝመት የሚወሰን በመሆኑ ከቁልፎቹ ጋር መግጠም የለበትም። ዋዛን በኪቦርድ አስመስሎ የሚጫወት ሰው የሚያስቀረው ቅርፁን ነው፤ ተራ መጠባበቁ ይጠፋል።

አደጋው በስደት ጊዜ ጎልቶ ይታያል። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሲቀሰቀስ ብዙ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ በሸርቆሌ፣ በቶንጎና በባምባሲ መጠለያዎች ሠፈረ። ባለ ክራሩ ክራሩን ይዞ ይሻገራል፤ ዘፈኑም ከእርሱ ጋር ይሻገራል። ከ12 ነፊዎች ሁለቱ ሌላ ቦታ ቢቀሩ ግን በእያንዳንዱ ዜማ ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ይከፈታል፤ ቀሪዎቹ 10 ሊደፍኑት አይችሉም።

በሱዳን ወገን የጉሙዝና የበርታ ሙዚቃ በሮበርት ጎትሊብ ተቀርጾ በሸክላ ታትሟል። ይሁንና የጋራው ድምፅ ብቻ የተቀረጸበት ሸክላ የትኛው ጡሩምባ መቼ እንደሚገባ ለተማሪ አይነግርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ጡሩምባ አንድ ማይክሮፎን፣ ለቀንዱ ምት ሌላ አንድ፣ ሁሉንም በየመስመሩ ለይቶ የሚይዝ መቅጃ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ቅል ርዝመትና ውፍረት የተመዘገበበት ሠንጠረዥ ነው። ያን ጊዜ ተማሪው የራሱን መስመር ዘግቶ ከቀሩት ጋር እየነፋ ሊለማመድ ይችላል። መሣሪያው ዛሬ በማናቸውም መጠነኛ ስቱዲዮ ይገኛል።