«ሥራ አጥ» የሚባለው ማን ነው? የቁጥሩ አሰላልና የዘካ ኮሚቴዎቻችን

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት) በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት፣ ሥራ አጥነት በአገር አቀፍ ደረጃ 8 በመቶ፣ በከተማ 18.7 በመቶ መሆኑ ተገልጿል። ብዙዎቻችን «ውሸት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ችግሩ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ መሆኑ ነው።

ጠያቂው ቤት አንኳክቶ የሚጠይቀው ስላለፉት ሰባት ቀናት ነው። በዓለም የሥራ ድርጅት መለኪያ፣ በእነዚህ ቀናት አንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው «ሥራ ያለው» ተብሎ ይመዘገባል። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ቀን መንገድ ዳር ካልሲ የሸጠ ወጣት ሥራ አለው። በአባቱ ሱቅ ያለ ደመወዝ የሚያግዝም ሥራ አለው። የገጠሩ ቁጥር ከከተማው እጅግ ዝቅ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ማሳ ላይ ያለ ሰው፣ መሬቱ ለአንድ ሰው የማይበቃ ቢሆንም፣ ሥራ ፈት አይባልም።

ሌላው ነገር ስሌቱ ነው። ምጣኔው የሚሰላው ከሕዝቡ ሁሉ ሳይሆን ከሚሠሩትና ሥራ አጥ ከሚባሉት ድምር ብቻ ነው። ከ100 ሰዎች 60ው ቢሠሩ፣ 15ቱ ሥራ ቢፈልጉ፣ ምጣኔው 15 ለ75፣ ማለትም 20 በመቶ ይሆናል። ከፈላጊዎቹ 5ቱ ተስፋ ቆርጠው ቤት ቢቀመጡ፣ በጥብቁ ትርጉም ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው ግን ሥራ አላገኘም! (የአገራችን የከተማ ጥናቶች ባይፈልግም ለመሥራት ዝግጁ የሆነውን ስለሚቆጥሩ ይህ ጉድለት ይቀንሳል።) ወደ ጂዳ ወይም ሪያድ የሄደች እህታችንም ከቤተሰቡ አባላት ስለማትቆጠር ከስሌቱ ትወጣለች።

ስለዚህ ምጣኔውን ለብቻው ማንበብ አይበቃም። ከሕዝቡ ስንት በመቶው እንደሚሠራ፣ ስንቱ ተጨማሪ ሰዓት መሥራት እየፈለገ እንዳጣ፣ ስንቱ ያለ ውልና ያለ ጡረታ እንደሚሠራ አብሮ መታየት አለበት። እነዚህ ዜና የማይሆኑ ሠንጠረዦች፣ በእኛ እይታ፣ ከርዕሱ ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

ይህ ጉዳይ በቀጥታ የሚነካን በዘካ ክፍፍል ነው። አንዳንድ የመስጂድ ኮሚቴዎች የተቀባዮችን ስም ሲመዘግቡ «ሥራ አለው / የለውም» ብለው ይለያሉ፤ ሥራ ያለው ይሰረዛል። ፊቅህ ግን እንዲህ አይለይም። በሱረቱል ከህፍ ኸድር (ዐለይሂ ሰላም) የቀደዳት መርከብ ባለቤቶች ባሕር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ መርከብም ሥራም እያላቸው ቁርኣን ሚስኪኖች ብሏቸዋል። ሻፊዒዮች ይህን ይዘው ሚስኪን ማለት ገቢ ኖሮት የማይበቃው ነው፣ ፈቂር ከእርሱ የባሰ ችግረኛ ነው ይላሉ። ሐነፊዮች ደረጃውን ይገለብጡታል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ዘንድ ሥራ መያዝ ብቻውን ሰውን ከዘካ ተቀባይነት አያስወጣም።

በቅጹ ላይ ሊኖሩ የሚገባቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠራህ? ስንት ብር ገባህ? ስንት ሰው ታስተዳድራለህ? የቤት ኪራይህስ ስንት ነው?