በጌዴኦ ሸንተረር ላይ ያለ የድንጋይ ሰፈር



የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሁለት ቀን ፈቃድ ሲያገኝ አንዱ ከደጃፉ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ፈቃዱን ይጨርሳል። ሌላው አራዳን እየዞረ የጥንቶቹን ባለሰገነት ቤቶች ይመለከታል፤ ደህና ስንቅ ከቋጠረም ሐረር ድረስ ሄዶ በጁገል ግንብ ውስጥ ያሉትን ጠባብ መንገዶች ሲረግጥ ይውላል። ይህ ንግግር ለዚህ ለሁለተኛው ዐይነት ሰው የተዘጋጀ ነው። የቆየ ሰፈር መጐብኘት የሚወድ ሰው የሚፈልገው የሠሪውን እጅ ማየት ነውና፣ ዛሬ ቤትም ጐዳናም የሌለበትን፣ ነገር ግን የጠራቢዎች እጅ ሥራ የሞላበትን አንድ ሰፈር ላመለክታችሁ እወዳለሁ። ነዋሪዎቹ ድንጋዮች ናቸው፤ አገሩም ጌዴኦ ነው።

የጌዴኦ ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ትገኛለች። ለሥራ ወደ ደቡብ የወረደ ሁሉ ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በቡናዋ ነው። ከእርሷ በታች ያለችው ይርጋ ጨፌ ስሟ በባሕር ማዶ የቡና ነጋዴዎች አፍ ውስጥ ስለሆነ፣ መንገደኛው ከዚያ አገር ሌላ ነገር ይገኛል ብሎ አይጠይቅም። እኔም በዚያ መንገድ ስመላለስ ምሳዬን በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ስለ ትክል ድንጋዮቹ የሰማሁትን «በሌላ ጊዜ አየዋለሁ» እያልኩ ብዙ ጊዜ ማለፌን አልሸሽግም።

ከአውራ ጐዳናው ወጣ ሲሉ በመጀመሪያ ዓይንን የሚያታልለው ነገር ጫካው ነው። እንግዳ ሰው ዳገቱ በሙሉ በዱር የተሸፈነ ይመስለዋል። ዱር ግን አይደለም። ከላይ ታላላቆቹ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው የአገሬው ዋና ምግብ የሆነው እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ ቡናው አለ። እያንዳንዱ ሰው ተክሎ፣ ኰትኵቶ፣ ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፈው ነው። በዚህ ዘዴ የጌዴኦ ገበሬ ከአገራችን ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ በተጠጋጋበት ምድር ላይ፣ ያውም በገደላማ ዳገት፣ አፈሩ ሳይታጠብበት ኖሯል። ጉዳዩን የሚመሩት ባሌ የተባለው የትውልድ ሥርዓትና ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ናቸው። በየመካከሉም ምሳር የማይነካቸው፣ ለጸሎትና ለሥርዓት የተከበሩ ደኖች አሉ።

የድንጋዩ ሰፈር የሚታየው ወደ ሸንተረሩ ሲደርሱ ነው። በጌዴኦ ያሉት ትክል ድንጋዮች በጠቅላላው 10,000 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል፤ በአፍሪካ ውስጥ ይህን ያህል ትክል ድንጋይ ተጠጋግቶ የተገኘበት ሌላ አገር የለም ይባላል። ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ የጢያን ሐውልቶች ያየ ሰው ቍጥሩን ቢያመዛዝን ይደነቃል፤ ስሟ በዓለም ቅርስ መዝገብ በ1980 እ.ኤ.አ. የተጻፈላት ጢያ ያሏት ሐውልቶች 36 ናቸው።

ለሁለት ቀን እንግዳ ሁለት ስፍራዎች ይበቃሉ። አንደኛው ጨልባ ቱቱቲ ነው። በዚያ ከሺህ የሚበልጡ ድንጋዮች በአንድ ስፍራ ተሰብስበዋል። ገሚሶቹ ቆመዋል፤ ብዙዎቹ ወድቀው ሣር ለብሰዋል፤ የተሰበሩም አሉ። ቅርጻቸው ረዥምና ድብልብል ሲሆን፣ በወንድነት ምልክት የተጠረቡ መሆናቸውን ማንም አይቶ ይረዳዋል። ፊት የላቸውም።

ሁለተኛው ከወናጎ ተነሥተው የሚደርሱበት ቱቱ ፈላ ነው። ይህ የመቃብር ጕብታ ነው፤ በላዩም ሦስት መቶ ያህል ድንጋዮች ተጠጋግተው ቆመዋል። እነዚህኞቹ ፊት አላቸው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ክንድ የተቀረጸባቸው አሉ። የፈረንሳዩ ሊቅ ሮዤ ዡሶም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ስፍራ ቆፍረው ሲመረምሩ ያስተዋሉት ነገር እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ሰው መሳይ ሆነው ከሚታዩት ድንጋዮች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተጠረቡት እንደ ቱቱቲዎቹ በወንድነት ምልክት ነበር። በኋላ የመጣ ትውልድ የቀደመውን ድንጋይ ወስዶ፣ ፊት ቀርጾበት፣ በራሱ ሙታን ላይ አቆመው ማለት ነው። በአንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ጠራቢዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ እጃቸውን አኑረዋል። አሮጌ ሰፈር ስንል ሌላ ምን ማለታችን ነው? በአራዳም ቢሆን የአንዱን ነጋዴ ቤት ሌላው ገዝቶ በረንዳ ይቀጥልበት የለምን?

ስለ ዘመናቸው የተነገረው ቃል ግን መታረም አለበት። የካፑቺን ማኅበር መነኵሴ የነበሩት አባ አዛይስ ከባልደረባቸው ከሻምባር ጋር በደቡብ ያሉትን ትክል ድንጋዮች መርምረው በ1931 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሊቃውንት ቢከተሉም፣ የጌዴኦ ድንጋዮች የቆሙት በ1100 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው የሚለው ግምት ጸንቶ ቆየ። በ2021 እ.ኤ.አ. ግን አሸናፊ ዜና የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያደረጉትን ምርመራ ገለጹ። በራዲዮ ካርቦን ልኬት የተገኘው ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የመጀመሪያው ምእት ዓመት ነው። ከቀድሞው ግምት አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ገና አልቆሙም ነበር ማለት ነው! እርግጥ አንድ ስፍራ ተለካ ማለት ሁሉም ተለካ ማለት አይደለም፤ ቱቱ ፈላም ከሳካሮ ሶዶ ጋር እኩያ ነው ብሎ ለመናገር አያደፋፍርም። ነገር ግን አሮጌውን ቍጥር በየጽሑፉ እየገለበጥን የምንቀጥል ከሆነ ጥፋቱ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው።

ከዚያው ከሳካሮ ሶዶ የተገኘው የባልጩት መሣሪያም የሚያወራው አለው። አብዛኛው ባልጩት የመጣው ከሰሜን ኬንያ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት እንደሆነ ተመርምሮ ታውቋል። እኛ ዛሬ በመኪና የምንወርድበት የደቡብ አቅጣጫ ያን ጊዜም መንገደኛ ነበረው።

ድንጋዮቹን ማን አቆማቸው ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ ተጠንቀቁት። የተረጋገጠው ነገር የጌዴኦ ሽማግሌዎች እያከበሩ ጠብቀው ማቆየታቸው ነው። መሬት ጠባብ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ድንጋይ የቆመበት ስፍራ የአንድ እንሰት ስፍራ ነው፤ ለቤት መሠረትም ከተጠረበ ድንጋይ የሚሻል የለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተደረገው ጉባኤ ዩኔስኮ የጌዴኦን ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ድንጋዮቹን ብቻ ነጥሎ አልጻፈም፤ የእንሰቱን ማሳ፣ የቡናውን ጥላ፣ የተከበሩትን ደኖችና የሽማግሌዎቹን ጥበቃ ከድንጋዩ ጋር አንድ አድርጎ ነው። እኔም ትክክል ይመስለኛል። ዛፉ ተቈርጦ ዳገቱ ቢራቈት ድንጋዩ የቆመበት አፈር ራሱ ይሄዳል።

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ጨልባን እዩ፤ ማታ ዲላ እደሩ፤ በማግስቱ ማልዳችሁ ወደ ቱቱ ፈላ ውጡ። አስቀድማችሁ ስፍራውን የሚጠብቁትን ሰዎች አስፈቅዱ፤ መቃብር መሆኑን አትርሱ፤ በድንጋዮቹ ላይም አትቀመጡ። ማልዳችሁ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርጹ ጥልቅ ስላልሆነ በቀትር ብርሃን ይጠፋል፤ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ከጐን ስትመታው ግን ዓይኑና አፍንጫው ጥላ ይጥልና፣ ባዶ የመሰላችሁ ድንጋይ ፊቱን ያሳያችኋል።