ከሴሊያክ በሽታ ምርመራ በኋላ የሚደረግ ከግሉተን ነፃ አመጋገብ

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና በመሰል እህሎች ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። የተጎዳ አንጀት ምግብን በአግባቡ ስለማይመጥ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የአጥንት መሳሳት፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ የዕድገት መቀጨጭ ሊከሰት ይችላል። ዋናው ሕክምና ግሉተንን ሙሉ በሙሉና በዘላቂነት ማቆም ነው።

ማሳሰቢያ፦ ሕመሙን ተጠራጥረው ምርመራ ያላጠናቀቁ ዜጎች ግሉተንን አስቀድመው ማቆም የለባቸውም፤ የደምና የአንጀት ናሙና ውጤትን ሊያዛባ ይችላል።

የሚፈቀዱ ምግቦች

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆጮና ቡላ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተትም እንዲሁ። በመሆኑም ታካሚው የለመደውን እንጀራና ወጥ መተው አይጠበቅበትም።

መወገድ ያለባቸው

• የስንዴ ዳቦ፣ አምባሻ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ብስኩት፣ ሳምቡሳ እና የስንዴ ቂንጬ፤
• የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ጭኮ እና የገብስ ቆሎ፤
• ከገብስ ወይም ከስንዴ የሚዘጋጅ ጠላና የገብስ ብቅል ያለበት ቢራ፤
• አጃ፤ ስሙ ለአንድ የስንዴ ዓይነትም ስለሚነገር ያለ ባለሙያ ምክር አይወሰድ።

ንክኪን መከላከል

በአገራችን ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በእህሉ ምርጫ ብቻ ሳይሆን በዝግጅቱ ላይ ነው። የታካሚው አንጀት በጥቂት ፍርፋሪ፣ ምልክት ሳያሳይም ጭምር፣ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ጤፉን በጥሬው ገዝተው ያስለቅሙ። ለጤፍ ብቻ የተለየ ማሽን ባለው ወፍጮ ቤት ያስፈጩ፤ ስንዴ ወይም ገብስ የተፈጨበት ወፍጮ ቅሪት ከጤፉ ጋር ይቀላቀላል።
2. እርሾው ከንጹሕ ጤፍ ሊጥ የተገኘ መሆኑን ያረጋግጡ። ከቅልቅል ሊጥ የተወሰደ እርሾ ግሉተን ይዞ ይመጣል።
3. ቡሃቃ፣ ወንፊትና ማሰሻ ለታካሚው ለብቻ ይኑር። በአንድ ምጣድ ዳቦም የሚጋገር ከሆነ ሌላ ምጣድ መጠቀም ይመረጣል።
4. ከገበያ የሚገዛ እንጀራ የጤፍ ቢባልም ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ጋጋሪዋን ይጠይቁ፤ ካልተረጋገጠ አይመገቡ።
5. በታሸጉ ምግቦች ላይ የተጻፈውን ዝርዝር ያንብቡ። ከግሉተን ነፃ ለሚባል ምግብ የዓለም አቀፉ ኮዴክስ ደረጃ ወሰን በኪሎ ግራም 20 ሚሊ ግራም ነው።

በማዕድና በማኅበራዊ ሕይወት

በግብዣ፣ በዕድርና በለቅሶ ቤት ታካሚው ምግቡን በራሱ ሳህን ቢያቀርብ ይመከራል። ቤተሰብና ወዳጅ ምክንያቱን አስቀድሞ ቢያውቅ ጉርሻን እምቢ ማለት እንደ ንቀት አይቆጠርም። የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ ስለሚዘጋጅ ጉዳዩን ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ታካሚው ተማሪ ከሆነ ወላጆች ለመምህራን ያሳውቁ።

ክትትል

ብዙዎች በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይታይባቸዋል፤ የአንጀት ሙሉ ማገገም ግን ወራትን፣ በአዋቂዎች ላይ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። ስሜቱ ተሻሻለ ብሎ አመጋገቡን ማላላት ጉዳቱን ይመልሳል። የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ዲ መጠን በሐኪም ይታይ። ሕመሙ በዘር ሐረግ ስለሚተላለፍ ወላጆች፣ እህት ወንድሞችና ልጆችም ስለ ምርመራ ሐኪም እንዲያማክሩ ይመከራል።