«ደገማ» ብንለውስ?

ከቃሉ አንዱን ክፍል፣ አንዳንዴም ቃሉን በሙሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ አስገብቶ አዲስ ቅርጽ ማውጣት በብዙ ቋንቋዎች ያለ ዘዴ ነው። ሰበረ ሰባበረ ይላል፤ ትልቅ ትልልቅ፣ አዲስ አዳዲስ ይሆናል። ከአፋችን የማይጠፋ ነገር ሆኖ ሳለ «ሪዱፕሊኬሽን» እያሉ የባዕዱን ስም በፊደላችን ገልብጦ ማስተማር ያሳዝናል። የተሻለ መስሎ የተስፋፋው «ድግግሞሽ» ደግሞ ይብሱን ያደናግራል።

ድግግሞሽ አስቀድሞ ሥራ የበዛበት ቃል ነው። ድርሰት አንድ ሐሳብ ሲያመላልስ «ድግግሞሽ በዛበት» ይባላል፤ ሞገድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብም በዚሁ ቃል ይነገራል። ከሁሉ የከፋው ግን ቅርጽንና ትርጉምን ማደባለቁ ነው። «ብርጭቆውን ሰባበረው» ስንል መስበሩ ተመላልሷልና ድግግሞሽ ቢባል ያስኬዳል። «ትልልቅ ቤቶች» ስንልስ ምን ተደጋገመ? ቤቶቹ በዙ እንጂ የተመላለሰ ድርጊት የለም። ሁለቱን ቃላት የሚያዛምዳቸው አንድ ፊደል ዳግመኛ መግባቱ ብቻ ነው፤ በሰባበረ «ባ»፣ በትልልቅ «ል»።

«ድርበት» ቢባልስ? መደረብ አንዱን ባንዱ ላይ ማድረግ ነው፤ ጋቢ በኮት ላይ ይደረባል። እዚህ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ሳይሆን ያው ራሱ ነው። «እጥፈት»ም መጠን ያሳስባል፤ ሰባበረ የሰበረ እጥፍ አይደለም።

እኔ የምመርጠው «ደገማ»ን ነው። ተከለ ተከላ፣ ነቀለ ነቀላ፣ ለቀመ ለቀማ፣ ጠለፈ ጠለፋ ካለ፣ ደገመ ደገማ ለማለት የማንንም ፈቃድ አይሻም። ሥሩም ሁለተኛነትን ከጥንት የያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሁለተኛው ምኒልክ ናቸው፤ ዳግማይ ትንሣኤ ከፋሲካ ቀጥሎ የሚውለው እሑድ ነው። ድግግሞሽ ስንት ጊዜ እንደሆነ አይታወቅም፤ ደገማ ግን «አንድ ጊዜ እንደገና» ነው፤ በሰባበረ ውስጥ የገባችው «ባ»ም አንዲት ናት። «ሪዱፕሊኬሽን» የተወሰደበት የላቲኑ ስም እንኳ «ዳግም»ንና «እጥፍ ማድረግ»ን አስተሳስሮ የሚለውን እኛ በሦስት ፊደል እንጨርሰዋለን። ዳዊት መድገምን፣ ብሎም ድግምትን ያስታውሳል የሚል ይኖራል። ያስታውስ! ቃል ከነዘመዶቹ ሲመጣ ቶሎ ይለመዳል፤ ብቻውን የተፈጠረ ቃል ነው እንግዳ ሆኖ የሚቀረው።

የሌሎችን ቋንቋዎች አሠራር ለመግለጽም ይበቃል። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ ቡኩ መጽሐፍ፣ ቡኩ ቡኩ መጻሕፍት ነው፤ ይህ ሙሉ ደገማ ይባል። እ.ኤ.አ. በ1972 የአጻጻፍ ሥርዓታቸው እስኪሻሻል ድረስ «ቡኩ2» ብሎ በአኃዝ ማሳጠር የተለመደ ነበር፤ ሁለተኛነቱን እነሱም በግልጽ አይተውታል። በፊሊፒንስ ታጋሎግ ቡሚሊ ገዛ ሲሆን ቢቢሊ ወደፊት ይገዛል ማለት ነው። በላቲን ደግሞ ኩሮ እሮጣለሁ፣ ኩኩሪ ሮጥሁ ነው። ያው ዘዴ ለአንዱ የወደፊት፣ ለሌላው ያለፈ ጊዜ ምልክት ሆነ፤ ሯጩም አንዴ ነው የሮጠው። ይህን ድግግሞሽ ብሎ ማስተማር ተማሪን ማሳሳት ነው።

ጎረቤታችን ኦሮምኛ የሚደግመው ከቃሉ መጀመሪያ ነው። ጉዳ ትልቅ፣ ጉጉዳ ትልልቅ ይሆናል። ጨብሱ መስበር ነው፤ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ የሚታሸው ቂጣ ጨጨብሳ የተባለውም ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ፊደል አይነካም፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ይይዛል፦ ቆረጠ ቆራረጠ፣ አጭር አጫጭር፣ ረጅም ረጃጅም። የኦሮምኛውን የፊት ደገማ፣ የእኛን የመሐል ደገማ ብንላቸው ልዩነቱ ከስማቸው ይታወቃል።