ሠዓሊዋን ሲልቪያ እናውቃታለን?

የእንጦጦን ቁልቁለት ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ እናቶችን እያየን ነው ያደግነው። ስንቶቻችን ግን ፊታቸውን ልብ ብለን አይተናል? ይህን ስናስብ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ትዝ አለችን።

ሲልቪያን የምናውቃት የኢትዮጵያ ወዳጅ፣ የታሪክ ምሁሩ የሪቻርድ እናት እያልን ነው። እሷ ግን ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የተማረች ሠዓሊ ነበረች። በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝንና ስኮትላንድን እየዞረች ጫማ የሚሠሩ፣ ሸክላ የሚያስጌጡ፣ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶችን ሥራቸው ላይ እንዳሉ ሣለች። ሥዕል ብቻም አይደለም፣ ስለ ደመወዛቸው ማነስም ጻፈች።

ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል የገዛ አገሯ መንግሥት ደጋግሞ አሰራት። አልበላም ስትል በጉሮሮዋ ቱቦ ከትተው በግድ መገቧት። ትግሉ ጊዜዋን ሁሉ ሲወስደው ብሩሿን አስቀመጠች።

ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ እንግሊዝ አገር ጀመረች። በ1948 ዓ.ም. ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባች። በ1953 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት አረፈች፤ መቃብሯም ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ሐውልት ይሠራላት አንልም። የእንጦጦዎቹን እናቶች አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚሥል፣ የሸክማቸውን ዋጋም የሚጠይቅ ሰው ከኛ መሐል ቢወጣ ግን እሷን ማስታወስ ማለት ይኼው ነው።