ከረዳትነት ወደ ሳይንቲስትነት፦ የሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ታሪክ በስያሜዎቹ በኩል ሲታይ

የሕክምና ሰነዶችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባልደረቦቻችን ዘወትር የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በሆስፒታል ውስጥ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራና አክታ የሚመረምረውን ሰው ምን ብለን እንጥራው የሚል ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝኛው ሰነድ አንድ ጊዜ ረዳት፣ አንድ ጊዜ ቴክኒሽያን፣ ሌላ ጊዜ ቴክኖሎጂስት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሳይንቲስት ተብሎ ይገኛል። ብዙዎቹ ተርጓሚዎች አራቱንም «የላቦራቶሪ ባለሙያ» በሚል ሐረግ ጠቅልለው ያልፋሉ። ትርጉሙ ስሕተት ነው ለማለት ባንደፍርም፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ክርክር በአንድ ሐረግ ሥር ተቀብሮ መቅረቱን ሳንጠቁም ልናልፍ አንችልም። አራቱ ቃላት የአንድ ነገር አራት ስሞች አይደሉም፤ አንድ የሠራተኛ ወገን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የተወው የእግር ዱካ ናቸው። ዱካውን ተከትለን ታሪኩን በአጭሩ እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከበሽተኛው አካል የወጣን ነገር ተመልክቶ ስለ በሽታው መናገር ጥንታዊ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የሐኪም ምልክቱ ማቱላ የተባለው የሽንት ብርጭቆ ነበር። ሐኪሙ ሽንቱን በብርሃን ፊት ከፍ አድርጎ ቀለሙን፣ ጥራቱንና ዝቃጩን ይመለከት ነበር። በዚያን ጊዜ መርማሪውና አካሚው አንድ ሰው ስለ ነበሩ የተለየ የሙያ ስም አላስፈለገም። የዴልፍቱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1670ዎቹ በገዛ እጁ በሠራው ሌንስ በዓይን የማይታዩ ሕያዋንን አይቶ ለለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር በደብዳቤ ባስታወቀ ጊዜም የሐኪሞች አሠራር አልተለወጠም። ሌቨንሁክ ሐኪም አልነበረም፤ ሐኪሞቹም ያየውን ከበሽታ ጋር ለማያያዝ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ወሰደባቸው።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1858 ሩዶልፍ ፊርኾ በሽታ የሕዋሳት መታወክ መሆኑን የሚያስረዳውን መጽሐፉን አሳተመ። በ1880 ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን በአልጄርያ ቆንስጣንጢን ከተማ የወባን ጥገኛ ሕዋስ በበሽተኛ ደም ውስጥ አየ። መጋቢት 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን አምጪ ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን አስታወቀ። በ1884 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የማቅለሚያ ዘዴ አወጣ። በአዲሱ መቶ ክፍለ ዘመን መባቻም ካርል ላንድሽታይነር የደም ዓይነቶችን ለየ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ጊዜ ይፈጃሉ። ናሙናውን በመስታወት ላይ ማሳሳት፣ ማድረቅ፣ በእሳት ማሳለፍ፣ ማቅለም፣ ማጠብ፣ ደግሞ ማቅለም፣ ከዚያም በአጉሊ መነጽር ሥር ሜዳ በሜዳ መፈለግ ያስፈልጋል። በሽተኞች ደጅ ላይ ተሰልፈው ሳለ ሐኪሙ ይህን ሁሉ በራሱ እጅ ሊሠራ አይችልም። ሌላ እጅ ያስፈለገው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው።

የዚያ «ሌላ እጅ» ባለቤት ብዙ ጊዜ ስሙ አልተጻፈም። ከዚህ ይልቅ ጉዳዩን የሚያስረዳ ምሳሌ ስላላገኘን በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። ኮክ ባክቴሪያዎችን ለይቶ ለማሳደግ ጄላቲን ይጠቀም ነበር፤ ጄላቲን ግን በሰው አካል ሙቀት ይቀልጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ይበሉታል። በኮክ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቫልተር ሄሰ በዚሁ ችግር ሲጉላላ፣ ባለቤቱ ፋኒ ሄሰ በወጥ ቤት ለጣፋጭ ማርጊያ የምትጠቀምበትን ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር-አጋር የተባለ ነገር እንዲሞክር ነገረችው። ስለዚሁ ነገር ያወቀችው በጃቫ ከኖሩ ጎረቤቶች ነበር። አጋር በሙቀት አልቀለጠም፤ ባክቴሪያዎቹም አልበሉትም። ኮክ በ1882 ባወጣው ጽሑፍ አጋርን ጠቀሰ፤ የሴትዮዋን ስም ግን አልጠቀሰም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ የኮክ ረዳት የነበረው ሐኪም ዩሊዩስ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለውን ጠፍጣፋ የመስታወት ሳሕን አወጣ። ሳሕኑ እስከ ዛሬ «የፔትሪ ሳሕን» ይባላል። በሳሕኑ ውስጥ የሚፈስሰው ግን «የሄሰ» አልተባለም።

የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ እንደ መሆናችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ይቆጨናል። አጋር-አጋር የማላይ ቋንቋ ቃል ነው። በአማርኛ አጋር ማለት ደጋፊ፣ አብሮ የሚቆም ረዳት ማለት ነው፤ በኦሪትም የሣራ አገልጋይ ስሟ አጋር ነው። ሦስቱ ቃላት በዘር አይገናኙም፤ በድምፅ መግጠማቸው አጋጣሚ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለመዝገበ ቃላት በሚዘጋጅ ካርድ ላይ ሦስቱን ለየብቻ መግቢያ አድርጎ መጻፍ ግድ ነው፤ አለዚያ ለሕክምና ተማሪዎች የሚተረጎም መጽሐፍ «ባክቴሪያው በአጋሩ ላይ አደገ» ሲል አንባቢው ግራ ይጋባል። «ባለሙያ» የሚለው ቃላችንም ቢሆን ከወጥ ቤት ብዙ የራቀ አይደለም፤ ወጥ ስትሠራ እጇ የሚጣፍጥ ሴት ባለሙያ ትባላለች። ፋኒ ሄሰ በዚህኛውም በዚያኛውም ፍቺ ባለሙያ ነበረች ማለት ይቻላል።

ሥራው ከጥቂት ሊቃውንት ክፍል ወጥቶ የሕዝብ አገልግሎት ሲሆን ደግሞ የእጅ ፍላጎቱ በብዙ እጥፍ አደገ። የኒው ዮርክ ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት በ1892 የባክቴሪያ ላቦራቶሪ ከፈተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በዊልያም ፓርክ መሪነት ዲፍቴሪያ የተባለውን የጉሮሮ በሽታ በነፃ መመርመር ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ማሳደጊያው ያለበት ብልቃጥ በየመድኃኒት ቤቱ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ የሕፃኑን ጉሮሮ በጥጥ ጠርጎ በብልቃጡ ውስጥ ይቀባል፤ ማታ ማታ ብልቃጦቹ ተሰብስበው በሙቀት ሣጥን ውስጥ ያድራሉ፤ በማግስቱ ውጤቱ ለሐኪሙ ይደርሰዋል። ውጤቱን የሚጠባበቅ ሕፃን ሌሊቱን ሊታፈን ይችል ስለ ነበር፣ ብልቃጡን የሚሰበስበው፣ የሚያቀልመውና የሚያየው ሰው ስሕተት ሕይወት ይቀጥፋል። ኃላፊነቱ እንዲህ ከባድ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ግን ገና ስም አልነበረውም።

ስም የማውጣቱ ትግል በግልጽ የሚታየው በብሪታንያ ነው። በዚያ አገር ላቦራቶሪ የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ትምህርታቸውን በልጅነት ያቋረጡ ወንዶች ነበሩ። ብልቃጥ ማጠብ፣ ማሳደጊያ ማብሰልና የሙከራ እንስሳትን መመገብ ሥራቸው ስለ ነበር «የላቦራቶሪ ልጆች» ይባሉ ነበር። በ1912 አልበርት ኖርማን የተባለ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ባልደረቦቹን አስተባብሮ የፓቶሎጂና የባክቴሪዮሎጂ ላቦራቶሪ ረዳቶች ማኅበርን አቋቋመ። ማኅበርተኞቹ ራሳቸውን የጠሩት በ«ረዳት» ስም ነው። በኛ ግምት ይህ ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ከ«ልጅ» ወደ «ረዳት» መሸጋገሩ ራሱ ያን ጊዜ እድገት ነበር። ማኅበሩ ፈተናና የብቃት ማስረጃ ካበጀ በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆነ። «ረዳት» ከስሙ ወጣ፤ የሰው ስም በሙያ ስም ተተካ። በ1975 «ቴክኖሎጂ» ወጥቶ «ሳይንሶች» ገባ። በ1994 ደግሞ «ላቦራቶሪ» የሚለው ቃል ራሱ ወጣና የባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተባለ።

ልብ ብሎ ለሚያስተውል አንባቢ በእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ቃል ተጥሏል። መጀመሪያ የተጣለው የበታችነት ቃል ነው፤ ቀጥሎ የእጅ ሥራን የሚያሳስበው ቃል፤ በመጨረሻ የሥራው ቦታ ስም። የመጨረሻው ለውጥ ለኛ ብዙም አልጣመንም፤ ሙያው ከሚሠራበት ቤት ስሙን ሲነጥል ለተራው ሰው ጭራሽ የማይታወቅ ይሆናልና። ነገር ግን ውሳኔው የባለሙያዎቹ እንጂ የቋንቋ ሠራተኞች አይደለም። ሕጉም የራሱን ቃል ጨምሯል። በ1960 የወጣው የብሪታንያ ሕግ የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሽያኖችን ከሌሎች ስድስት ሙያዎች ጋር «ለሕክምና ተጨማሪ የሆኑ ሙያዎች» በሚል ርእስ ሥር መዘገባቸው። ምዝገባው መብት ሰጠ፤ «ተጨማሪ» የሚለው ቃል ግን የዋናውና የጭማሪው ድንበር የት እንደ ሆነ በግልጽ አስታወቀ። ዛሬ በዚያው አገር «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው በስሙ ሊጠቀም አይችልም።

በአሜሪካ ትግሉ ሌላ መልክ ነበረው። የክሊኒካል ፓቶሎጂስቶች ማኅበር በ1922 ተቋቋመ፤ በ1928ም የላቦራቶሪ ሠራተኞችን የሚፈትንና የሚመዘግብ ቦርድ አቆመ። መዝጋቢዎቹ ሐኪሞች፣ ተመዝጋቢዎቹ ሠራተኞች ነበሩ። ተመዝጋቢው በሐኪም ቁጥጥር ሥር እንዲሠራ፣ የበሽታውንም ምንነት በቃልም ሆነ በጽሑፍ እንዳይወስን የሥነ ምግባር ደንቡ ያስገድደው ነበር። ይህን ደንብ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በእንግሊዝኛ ናሙናን መፈተሽና የበሽታን ምንነት መወሰን ሁለት ቃላት አሏቸው፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም «ምርመራ» ናቸው። እንደ ወረደ ቢተረጎም «ምርመራ የሚያደርገው ሠራተኛ ምርመራ ማድረግ አይፈቀድለትም» የሚል ይወጣል! ለሁለተኛው «የበሽታ ልየታ» የሚለው ይሻላል ብለን እናምናለን፤ «ምርመራ»ን ለፊተኛው እንተውለት።

ሠራተኞቹም በ1933 የራሳቸውን የክሊኒካል ላቦራቶሪ ቴክኒሽያኖች ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1936 «ቴክኒሽያኖች» የሚለው «ቴክኖሎጂስቶች» በሚለው ተለወጠ፤ በ1993 የክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ማኅበር ተባለ። በ1977 ከሐኪሞቹ ቦርድ ነፃ የሆነ የብቃት ማረጋገጫ ድርጅት ተመሠረተ፤ ሁለቱ የተዋሐዱት በ2009 ነው፤ «የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንቲስት» የሚለው የጋራ መጠሪያም ያን ጊዜ ጸደቀ። በዚህ መካከል፣ በ1987፣ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ናሙናዎች ሥራ በበዛባቸው ሠራተኞች በስሕተት ሲነበቡ መቆየታቸው በጋዜጣ ተጋለጠ። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሕግ በሁሉም ላቦራቶሪዎች ላይ ቁጥጥር ጣለ፤ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያየውም የመስታወት ቁጥር ከ100 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከሁሉ ስያሜዎች ይልቅ የሙያውን ክብደት ያሳየው ይህ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም። ዓለም አቀፉ ማኅበርም በ1954 ዙሪክ ላይ በቴክኖሎጂስቶች ስም ተመሥርቶ በ2002 ወደ ባዮሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ፌዴሬሽንነት ተለውጧል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሙያው ከፓስተር ኢንስቲትዩት ዘመን ጀምሮ በ«ላቦራቶሪ» ስም ሲጠራ ኖሯል፤ በሆስፒታሎቻችን በር ላይም የሚነበበው ይኸው ነው። «ቤተ ሙከራ» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ሥር ሰድዷል፤ ለኬሚስትሪ ክፍልም ይስማማዋል። ለሆስፒታል ግን አይሆንም። የላቲኑ ቃል መሥራትን እንጂ መሞከርን አያመለክትም፤ በሽተኛውም ደሙ እንዲመረመርለት እንጂ እንዲሞከርበት አልመጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቃላት ዝርዝር ረቂቅ ይዘን አንድ ሆስፒታል በሄድን ጊዜ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ «ቤተ ሙከራ» የሚለውን ሲያነቡ እርሳቸው የሚሞክሩት ምንም ነገር እንደሌለ፣ የሚያደርጉት ሁሉ ተሞክሮ ያለቀ መሆኑን በትሕትና ነገሩን። ቃሉን በእርሳስ ሰረዝነው።

ውጤትን በሚመለከትም ሕዝቡ ከተርጓሚው የቀደመበት ቦታ አለ። በሰነዶች ላይ «አዎንታዊ ውጤት» የሚል ትርጉም እናያለን፤ ይህን የሰማ በሽተኛ ደስ ሊለው ይችላል። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን ግን «ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ» የሚለው አነጋገር በሕዝብ ዘንድ ተለመደ። ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ማንንም አያሳስትም። ለሌሎቹም በሽታዎች በዚሁ አኳኋን «የወባ ተሐዋስያን ተገኝተዋል»፣ «አልተገኙም» ማለት ይበቃል።

ስለ ሙያው መጠሪያ የደረስንበት ይህ ነው። ሰነዱ ከ1942 በፊት የተጻፈ የብሪታንያ ሰነድ ከሆነ «የላቦራቶሪ ረዳት» ይባል፤ ባለቤቶቹ የመረጡት ስም ነውና አናሳምረው። «ቴክኒሽያን»ና «ቴክኖሎጂስት» በአገራችን የትምህርት ደረጃን ስለሚለዩ ሁለቱም እንዳሉ ይቆዩ፤ በ«ባለሙያ» ሥር አይጠቅለሉ። «ባለሙያ» ሁሉንም በአንድነት ለሚጠራ አነጋገር ይጠበቅ። «የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንቲስት» የሚለው መጠሪያውን በሕግ ወይም በምዝገባ ላገኘ ሰው ብቻ ይዋል። «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» ለሚለው «የሥነ ሕይወታዊ ሕክምና ሊቅ» የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር፤ ሆኖም ሐኪሙን ያሳስባል እንጂ በአጉሊ መነጽሩ ላይ ያጎነበሰውን ሰው አያሳስብም። ካርዱ እስከ አሁን ያልተሞላ ስለ ሆነ አንባቢዎች ሐሳባቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።